አንዲት አሮጊት ቢጠይቅ ኖሮ

ሰሞኑን አውሮፓ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ቲቸር፣ የሥራ ባልደረባዬ በታኅሣሥ የሴት አያቶቿን ፎቶ ደርድራ ሻማ ታበራለች። ከዚያ በህልሟ እንዲመጡላት ለምና ትተኛለች። ጣዖት አምልኮ ነው አይደል?" አለኝ።

የመለስኩለትን እዚህም ልጻፈው።

"የእናቶች ሌሊት" ይሉታል። ስለ ጥንቱ የሚነግረን ቤዳ የተባለ እንግሊዛዊ መነኩሴ ብቻ ነው፤ በ725 (በእነሱ አቆጣጠር) ስለ ዘመን አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ። አንግሎች ክርስትና ሳይገባ ዓመታቸውን የሚጀምሩት ፈረንጅ ዛሬ ገናን በሚያከብርበት ቀን ነበር፣ ያንን ሌሊትም የእናቶች ይሉት ነበር ይላል። ለምን? ሌሊቱን ሙሉ ከሚፈጽሙት ሥርዓት የተነሳ ይመስለናል ብሎ ያልፋል። አለቀ! ሥርዓቱ ምን እንደሆነ አልጻፈም።

እኔን ይሄ ነው የሚያናድደኝ። የአገሩ ንጉሥ የተጠመቀው በ627 ነው። ቤዳ ሲወለድ ከዚያ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላም። ሌሊቱን ያየች አንዲት አሮጊት በልጅነቱ አጠገቡ ሳትኖር አትቀርም። የጠየቃት ግን የለም።

ህልሙስ? ጀርመን አገር፣ ራይን ወንዝ አካባቢ፣ በሮማውያን ዘመን "ለእናቶች" የቆሙ ብዙ የድንጋይ መሠዊያዎች ተገኝተዋል። ብዙዎቹ ላይ ሦስት ሴቶች ጭናቸው ላይ ፍሬ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ላይ ያሠራው ሰው "ራሳቸው ባዘዙኝ መሠረት" ብሎ አስቀርጿል። ትእዛዙ የመጣው በህልም ሳይሆን አይቀርም። ይህን ከእንግሊዞቹ ሌሊት ጋር ማያያዝ ግን ግምት ነው። የልጅቷ ሥርዓት ከቁርጥራጭ የተሰፋ አዲስ ልብስ ነው፤ አዲስ ነው ካለች ደግሞ ምንም ነውር የለውም።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ከሙታን ህልም አልለምንም። ልጅቷ ላይ ለመሳቅ ግን አፌ አልደፈረም። የአባቴን ወገን እስከ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ። የእናቴን እናት አውቃለሁ፤ ከእሷ በላይ ባዶ ነው። ስማችንም አባት፣ ከዚያ የአባት አባት እያለ ነው የሚሄደው።

እናቴ ጋ ደወልኩ። "እማዬ፣ የአያቴ እናት ስሟ ማን ነበር?"

ትንሽ ዝም አለችና "እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ሁላችንም እምዬ ነበር የምንላት" አለችኝ።

ገጠር ያለችው የእናቴ አክስት ሰማንያ አልፏታል። ለገና ደብተር ይዤ እሷ ጋ ነኝ።