የላሟ ነቀርሳ

አማርኛ ሁለት በሽታዎችን በአንድ ስም ይጠራል፤ ቲቢም ካንሰርም «ነቀርሳ» ናቸው። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። ቲቢ የያዘው ወደ አንዱ ክፍል፣ ካንሰር የያዘው ወደ ሌላው ይላካል፤ ድብርት ያደቀቀው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ግቢ ይጠብቀዋል። ምርምር ግን እነዚህን ሦስት በሮች ደጋግሞ ከፍቷቸዋል፤ ታሪኩም ከላም ይጀምራል።

ከሱሉልታ፣ ከሰበታና ከለገዳዲ ዙሪያ በየማለዳው ወተት ወደ አዲስ አበባ ይገባል። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በመዲናዋና በዙሪያዋ በሚገኙ 88 እርባታዎች 2,956 የወተት ከብቶችን መርምረዋል። 30 በመቶዎቹ የከብት ነቀርሳ ተገኝቶባቸዋል፤ በሽታው ከእርባታዎቹም ከግማሽ በላይ ውስጥ ገብቷል። ምርመራው የሚሠራው በላሟ የመከላከያ ኃይል ነው። ከጀርሙ የተዘጋጀ ፈሳሽ አንገቷ ላይ ቆዳ ውስጥ ይወጋል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ ይለካል። ቆዳው ካበጠ የላሟ ሴሎች ጀርሙን ቀድመው ያውቁታል ማለት ነው።

ይኸው የከብት ጀርም ለሰው መድኃኒት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሐኪሙ አልበር ካልሜትና የእንስሳት ሐኪሙ ካሚል ጌራን፣ ጡቷ በነቀርሳ ከታመመ ጊደር ወተት የተገኘውን ጀርም በፈረንሳይዋ ሊል ከተማ ማላመድ ጀመሩ። ሐሞት በተቀላቀለበት ድንች ላይ ለ13 ዓመታት 230 ጊዜ እያዛወሩ አዳከሙት። ዛሬ በአገራችን ሕፃን እንደተወለደ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ካናዳዊው ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስ ቢሲጂን የሽንት ፊኛ ካንሰር ባለባቸው ዘጠኝ ሕሙማን ፊኛ ውስጥ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት ጨመረ። ክትባቱ የሰውነትን ወታደሮች ወደ ፊኛው ይጠራል፤ የተጠሩት ደግሞ ዕጢውን ጭምር ያጠቃሉ። ሕክምናው እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሦስተኛው በር የአእምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒውዮርክ ሲ ቪው ሆስፒታል አይፕሮኒያዚድ የተባለ የቲቢ መድኃኒት ሲሞከር፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሕሙማን የምግብ ፍላጎታቸው ተከፈተ፤ ፊታቸው ፈካ፤ መንፈሳቸው ተነቃቃ። እ.ኤ.አ. በ1957 የአእምሮ ሐኪሙ ናታን ክላይንና ባልደረቦቹ መድኃኒቱ ድብርትን እንደሚያቀል አሳወቁ። ጉበትን ስለሚጎዳ በኋላ ከገበያ ቢወጣም፣ ከመጀመሪያዎቹ የድብርት መድኃኒቶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ቲቢ እንዳለባቸው ገና በታወቀ 657 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 54 በመቶዎቹ የድብርት ምልክት እንዳላቸው አሳይቷል። ድብርቱ ሳይታከም የቀረ ሕመምተኛ ሕክምናውን የማቋረጥና የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑንም ተከታዩ ጥናት አረጋግጧል። እንግዲህ ክኒን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ግማሽ ሕክምና ነው።

የአርማወር ሐንሰን ተቋም በአለርት ሆስፒታል ግቢ፣ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሰበታ ውስጥ ይገኛሉ። የሚያገናኛቸው አንድ የጅማ መንገድ ነው። ካልሜትና ጌራን ከመቶ ዓመት በፊት የሰውንና የእንስሳትን ሕክምና በአንድ ጠረጴዛ ካስቀመጡ፣ እኛ ዛሬ የእንስሳት ሐኪሙን፣ የቲቢ ነርሷንና የአእምሮ ሐኪሙን በአንድ ዕቅድ ልናሠራቸው ይገባል። ይህን ማስተባበር ከጤናና ከግብርና ሚኒስቴሮች ይጠበቃል።

እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ከ964 የአገራችን የቲቢ ሕሙማን ናሙናዎች ውስጥ የከብቱ ጀርም ድርሻ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ሊያረጋጋን እንጂ ሊያዘናጋን አይገባም። ከብት አርቢዎች ሆይ፣ ላሞቻችሁን አስመርምሩ። እናቶችና አባቶችም ወተቱን ለልጆቻችሁ ከመስጠታችሁ በፊት አፍሉት።