የታመመ ዓሣና የተቸኮለ መድኃኒት

በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ነጭ ነጥብ ሲያወጣ ወይም ገላው ላይ ጥጥ መሳይ ነገር ሲበቅል የባለቤቱ የመጀመሪያ ሐሳብ መድኃኒት ነው። ለሰው የተዘጋጀውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን ውኃው ውስጥ የሚበትንም አለ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ልማድ ዓሣውን ሳይጠቅም ሰውን የሚጎዳ ስለሆነ ሊቀር ይገባዋል።

እጅግ የታወቀውን የነጭ ነጥብ ሕመም እንመልከት። አምጪው ባክቴሪያ ሳይሆን ኢክትዮፍቲሪየስ ሙልቲፊሊስ የተባለ ባለአንድ ህዋስ ጥገኛ ነው። በባዮሎጂ ትምህርት የምናውቀው የፓራሜሲየም የሩቅ ዘመድ ሲሆን፣ እንደ እርሱ ሲሊያ በተባሉ ጸጉር መሰል አካላት ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣለት ይህ ስም «ብዙ ልጆች ያሉት የዓሣ ቅማል» እንደ ማለት ነው፤ የተጋነነ ስምም አይደለም። ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያን የፕሮቲን ግንባታ የሚያግድ መድኃኒት እንደ መሆኑ ለዚህ ጥገኛ አይበጅም።

ጥገኛው ከዓሣው የላይኛው ቆዳ ሥር ተሸሽጎ እየተመገበ ያድጋል። እኛ የምናያት ከ1 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ የጨው ቅንጣት መሳይ ነጥብ እርሱ ራሱ ነው። ሲጠግብ ቆዳውን ቀዶ ይወጣና ከገንዳው ወለል ተጣብቆ፣ በሽፋን ተጠቅልሎ፣ በመቶዎች እስከ 1,000 ለሚደርሱ ልጆች ይከፋፈላል። ልጆቹ ሽፋኑን ጥሰው ይዋኛሉ፤ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ዓሣ ካላገኙም ይሞታሉ። የሕክምናው ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ውኃ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት፣ የገበታ ጨውም ይሁን ማላካይት ግሪን የተባለው ቀለም፣ በአብዛኛው የሚገድለው የሚዋኙትን ብቻ ነው። (ማላካይት ግሪን ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ በብዙ አገሮች የተከለከለ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል።) ስለዚህ ነጥቦቹ በሦስተኛው ቀን ሲጠፉ «ዳነ» ብሎ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ወለሉ ላይ የሚጠብቀውን ትውልድ ረስቷል። የጥገኛው ዑደት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከአንድ ወር በላይ ሊወስድ ይችላል። የሕክምናውን ርዝመት የሚወስነው ቴርሞሜትሩ እንጂ ዓይናችን አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ብዙ መመሪያዎች ውኃውን ወደ 30 ዲግሪ ማሞቅን ይመክራሉ። ምክሩ ለሞቃት አገር ዓሦች መልካም ሆኖ ሳለ አዲስ አበባ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። በባሕር ጠለል 20 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል፣ 30 ዲግሪ የሞቀ ደግሞ 7.5 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሚገኝ ከተማ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያው 30 ዲግሪ ውኃ 6 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። የሚተነፍስበት ስንጥብ በጥገኛው የቆሰለ ዓሣ በዚህ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት ሕክምናው ራሱ ሊገድለው ይችላል። አየር መንፊያ ሳይጨምሩ ማሞቅ አይገባም።

ደግሞስ ነጭ ነጥብ ሁሉ ሕመም ነውን? ወንድ ጎልድፊሽ በመራቢያው ወቅት በስንጥቡ ክዳንና በፊተኛው ክንፉ ጠርዝ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ያወጣል፤ ጤነኛ ነው። ጥጥ መሳዩም እንዲሁ ያሳስታል። ሳፕሮሌግኒያ የተባለው ፈንገስ መሰል ተሕዋሲ በቆሰለ ቆዳ ላይ ሲበቅልና ፍላቮባክቴሪየም ኮሎምናሬ የተባለው ባክቴሪያ አፍ ዙሪያ ሲነጣ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቦታ የሚኖረው ግን በሁለተኛው ብቻ ነው። ልዩነቱን የሚፈርደው ማይክሮስኮፕ ነው። እጅን በገንዳው ውኃ አርጥቦ፣ ከዓሣው ገላ ላይ ጥቂት ዝልግልግ ፈሳሽ በሽፋን መስታወት ጠርዝ ወደ ጅራቱ አቅጣጫ ቀስ ብሎ መውሰድ፣ በአንድ ጠብታ የገንዳ ውኃ ላይ አድርጎ ወዲያው በ100 እጥፍ ማየት ይበቃል። ቀስ እያለ የሚንከባለል፣ በውስጡ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ኑክሊየስ የያዘ ክብ ህዋስ ከታየ ክርክሩ አበቃ። የሽንኩርት ልጣጭ ሲያዩ ለኖሩ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፖች ይህ ጥሩ ሥራ ይመስለኛል።

ማይክሮስኮፕ ያላገኘ ሰው ቢያንስ ውኃውን ይለካ። አሞኒያ ወይም ከቧንቧ የመጣ ክሎሪን ቆዳውን ሲያቃጥለው ዓሣው ገላው ይደበዝዛል፤ ከድንጋይም ይታከካል፤ ያለ አንዳች ጥገኛ። እዚህ ላይ የሚበትኑት ቴትራሳይክሊን በማጣሪያው ውስጥ አሞኒያን የሚለውጡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊጎዳ፣ አሞኒያውንም ሊያባብስ ይችላል። በካልሲየም የበለጸገ ውኃ ውስጥ ደግሞ መድኃኒቱ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ኃይሉ ይደክማል። ባክቴሪያን ለመግደል የማይበቃ፣ መድኃኒቱን እንዲለማመድ ግን የሚበቃ መጠን ይቀራል ማለት ነው። ያ ውኃ በባልዲ ተቀድቶ ከነባክቴሪያው ወደ ፍሳሽ መውረጃው ይደፋል።