ማስቲሹ ውስጥ ምን አለ?

በርበሬ በረንዳ የሚገባ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚገባው። ዛላው ሲገለበጥ ያላስነጠሰ ሰው የለም። ባለፈው ሰሞን ግን እዚያ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ ሶሌን ሳስለጥፍ ራሴን ያዞረኝ በርበሬው ሳይሆን ማስቲሹ ነበር።

ሰውየው ማስቲሹን የያዘው በውሃ ሃይላንድ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ወረቀት አሁንም የተጣራ ውሃ መሆኑን ይናገራል። ከትልቁ ጣሳ ተቀንሶ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲቸረቸር ስሙን መንገድ ላይ ጥሎ የመጣ ነገር ነው። ውስጡ ምን እንዳለበት ጠየቅኩት። ማስቲሽ ነዋ አለኝ፤ ጥያቄዬ የጤና አልመሰለውም። ከጎናችን አሥራ ሁለት ዓመት የሚሞላው የማይመስል ልጅ፣ እጅጌው ውስጥ ትንሽ ፕላስቲክ ደብቆ ያንኑ ጠርሙስ ያያል።

ጥያቄውን ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ። የፊት እግሮቿን እንደሚጸልይ ሰው አጥፋ የምትቆም፣ ፌንጣ የምትመስል ፍጥረት አለች፤ እኛም ቁጥቋጦ ላይ እናያታለን። ውጭ ሀገር እሷን በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ቤቷን ለመገጣጠም ወይም የእንቁላል ከረጢቷን እንጨት ላይ ለመለጠፍ ማጣበቂያ ሲመርጡ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ሳነብ ነው የቆየሁት። የምትተነፍሰው በጎኗ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሆነ፣ ጠባብ ሳጥን ውስጥ የታመቀ ትነት ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ለዓሣ ገንዳ የሚሆን፣ የሻጋታ ማጥፊያ ያልተጨመረበት ሲሊኮን ይፈልጋሉ። ኮምጣጤ የሚመስለው ሽታው እስኪጠፋ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠብቃሉ። የእንቁላሉን ከረጢት በጀርባው በኩል ጠብታ ብቻ አስነክተው፣ ጫጩቶቹ የሚወጡበትን መስመር ነጻ ይተዉታል። ትኩስ ሙጫ እንቁላሉ ላይ በቀጥታ አያፈሱም።

አልሳቅሁባቸውም። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ ውስጡ ምን አለ? ትነቱስ ወጥቶ አልቋል ወይ? ይህን ጥያቄ በርበሬ በረንዳ ላይ ስለ ሰው የሚጠይቅ አጣሁ።

ማስቲሽ ማለት በማሟሟያ ኬሚካል የሟሟ ጎማ ነው። ጫማ ሰፊው ሁለቱንም ፊት ቀብቶ ትንሽ ይድረቅ ብሎ የሚጠብቀው ማሟሟያው እስኪተን ነው። የተነነው ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ያጎነበሰውን የእሱን ፊት ነው። ማሟሟያው ብዙ ጊዜ ቶሉዊን ወይም ሄክሴን፣ አለዚያም ቅልቅል ነው። ቶሉዊን አእምሮን ያደነዝዛል፤ ልጆቹ ረሃቡንና ብርዱን ለመርሳት የሚስቡት ለዚህ ነው። ለዓመታት ሲሳብ አንጎልን ይጎዳል። አንዳንዴም የልብን ምት አዛብቶ በድንገት ይገድላል።

ሌሎች ሀገሮች ይህንን በሰው ዋጋ ተምረውታል። ሙዛፈር አክሶይ የተባሉ ቱርካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1974 የጻፉት ስለ 26 የኢስታንቡል ጫማ ሠራተኞች ነበር፤ የደም ካንሰር ወይም መነሻው የተገኘባቸው፣ ቤንዝን ያለበት ማጣበቂያ ሲጠቀሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው (ቤንዝን ለመኪና ከምንቀዳው ቤንዚን ጋር አይምታታ)። ጣሊያን ደግሞ በ1963 ቤንዝንን በሕግ ገደበች። አምራቾች በምትኩ ሄክሴን አስገቡ። ከዚያ የጫማ ሠራተኞች እጅና እግር ይደነዝዝ፣ ጡንቻቸው ይዝል ጀመር። ጃፓን ውስጥም በ1960ዎቹ ሰንደል የሚሠሩ ሰዎች ላይ ያው ታይቷል። አንዱን መርዝ በስሙ ከልክለህ ዘወር ስትል ዘመዱ በጓሮ በር ይገባል። ለዚህ ነው «ቶሉዊን የለበትም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን የማያሳምነኝ። ታዲያ ምን ገባበት?

የሆንዱራስ ነገር ደግሞ ለእኛ ይቀርባል። እዚያ የጎዳና ልጆች በሚስቡት ማስቲሽ ስም፣ በሬሲስቶል፣ «ሬሲስቶሌሮ» እስከመባል ደረሱ። አምራቹ ኤች ቢ ፉለር የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። በ1989 የሀገሪቱ ምክር ቤት ማስቲሽ ውስጥ የሰናፍጭ ዘይት እንዲጨመር ደነገገ። ሰናፍጭ አፍንጫ ላይ ምን እንደሚሠራ ለአበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ኩባንያው ተቃወመ፣ ሕጉም ሳይተገበር ቀረ። በ1992 በሆንዱራስና በጓቲማላ የችርቻሮ ሽያጩን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ቆይቶም ቶሉዊኑን በሳይክሎሄክሴን ተካ።

የሰናፍጩን መላ ለእኛ አልመክርም። ልጁን ሲያባርር፣ ቀኑን ሙሉ ማስቲሹ ላይ አጎንብሶ የሚውለውን ሰውዬ ዓይን ያቃጥላል። እኛ የለመድነው መላ ግን ከዚያም የባሰ ነው፦ አፈሳ። ትልቅ ስብሰባ ሲቃረብ ልጆቹ ተጭነው ይሄዳሉ፣ ጠርሙሱ እዚያው ይቀራል። ከሳምንታት በኋላ ልጆቹ ይመለሳሉ፤ ጠርሙሱ ይጠብቃቸዋል።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በረንዳ ላይ የተቀመጠው ጫማ ሰፊ ግን አሠሪም ሠራተኛም ራሱ ነው፤ ማንን ይክሰስ? እኔ የሚሻለው መንገድ ከዕቃው መጀመር ነው እላለሁ። ከዚህ በፊት አድርገነዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ግድግዳ ለሚቀባው ያወጣነውን ዓይነት ደንብ ሶል ለሚለጥፈው ማውጣት አያቅተንም። ቤንዝንና ሄክሴን ይገደቡ፤ ጣሳው ላይ የማሟሟያዎቹ ስም በሙሉ በአማርኛ ይጻፍ። ወደ ውሃ ጠርሙስ መገልበጡም ይቁም።

ጣሳ መግዛት የማይችለው ጫማ ሰፊ ምን ይሁን የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የታሸገ፣ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ቱቦ ይቅረብለት። ልጁ እሱንም ሊገዛ ይችላል፤ ይህንንም አውቃለሁ። ቢያንስ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ምን እንደሳበ ሐኪሙ ያነባል። በውሃ የሚሠራው ማጣበቂያም ሁሉን አይፈታም፤ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ብዙ ጊዜ ሙቀት ይፈልጋል፣ ያንን ማሽን ደግሞ በረንዳ ላይ የሚያገኘው የለም። ለፋብሪካዎቹ ግን ይሄ ሰበብ አይሆንም።

ጫማ የምትሠሩ ወይም ማጣበቂያ የምታስመጡ ካላችሁ፣ ጣሳችሁ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ያልተጻፈበትንም ላኩልኝ።