ጀልባ ወደ ማደያ አይመጣም

ከናዝሬት ተነሥቶ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ መኪና ቤንዚን ቢያንሰው ከመንገድ ዳር ማደያ ጎራ ይላል። በዝዋይ ሐይቅ ላይ የሚመላለስ የሞተር ጀልባ ግን ይህ ዕድል የለውም። ማደያው በባቱ ከተማ፤ ጀልባው በውሃ ላይ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ በጀሪካን ተቀድቶ በሰው እጅ ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ አለበት።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ነዳጅ በጥቁር ገበያ እንዳይቸበቸብ ሲባል በጀሪካን መቅዳት ቁጥጥር ይደረግበታል። የቁጥጥሩን ምክንያት አንነቅፍም። ይሁንና በቱሉ ጉዶና በሌሎቹ ደሴቶች ለሚኖረው የዛይ ሕዝብ ጀልባ መዝናኛ አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት ከሐኪም የሚያገናኛት እርሱ ነው። ሕጋዊው በር ሲጠብበት ባለጀልባው ከመንደር ሻጭ በውድ ይገዛል። ያም ቤንዚን ውሃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከመያዣው ታች ይዘቅጣል፤ ሞተሩም ከሐይቁ መካከል ጸጥ ይላል።

በሌላ በኩል ባለጀልባዎችም ግዴታ አለባቸው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ላይ ይተኛል፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪም ትበቃዋለች። ስለዚህ ሞተር ጠፍቶ፣ ተሳፋሪ ወርዶ፣ የሚነሣው መያዣ በምድር ላይ ተቀምጦ ሊሞላ ይገባል። ፀሐይ ቤንዚንን ስለምታስፋው እስከ አፉ አይሞላም። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ሞተር ከሆነ መጠኑ በግምት ሳይሆን በልክ ይሁን፤ ሠሪው 50 ለ1 ካለ፣ ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት ነው። ለጉዞም ሦስት እጅ አድርጎ ማሰብ ይበጃል፤ 18 ሊትር ቢኖር 6ቱ ለመሄጃ፣ 6ቱ ለመመለሻ፣ 6ቱ ደግሞ ነፋስ ለተነሣበት ቀን መጠባበቂያ ነው።

ከሁሉ በላይ ሐይቁ ራሱ አለ። የባቱ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ከዚሁ ሐይቅ የሚቀዳ ነው። ሐይቁም ጥልቅ አይደለም። በዳሩ የሚፈሰው ቤንዚን መልሶ ወደ እኛው ማሰሮ ይመጣል።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ጀልባዎቹ ይመዝገቡ። ለተመዘገበው ጀልባ በጉዞው ልክ የተወሰነ ቤንዚን፣ ለነዳጅ በተሠራ መያዣ፣ ከማደያ በሕጋዊ ዋጋ ይሰጠው። የመሙያውም ስፍራ ውሃ ከሚቀዳበት ርቆ ይከለል። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። መዝገብና ቅን ልቡና ብቻ ይበቃዋል። ጀሪካንን መከልከል ቀላል ነው፤ በደሴት ላይ የሚያምጠውን ሰው ግን ቆይ ማለት አይቻልም።