አሮጌው ፎርዊል ይጠገን፤ ግን በልክ

ክሬጊበርን ውስጥ በቤቱ ደጃፍ ዕድሜ የጠገበ ፎርዊል መኪና ያቆመ ኢትዮጵያዊ አባወራ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይጠብቀዋል። ወገኑ «ይህን ቆርቆሮ መቼ ነው የምትጥለው?» ይለዋል። አውስትራሊያዊው ጎረቤቱ ደግሞ አጥሩን ተደግፎ «ትሸጥልኛለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጎረቤት ያወቀውን ወገን መዘንጋቱ ያሳዝናል። ምክንያቱም ዘንጊው የመጣው አሮጌ መኪና «ሞተ» ተብሎ ከማይቀበርበት አገር ነው።

ለመሆኑ ሰማያዊና ነጩ የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ከደርግ ዘመን ተነስቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስፋልት ላይ የቆየው በምን ተአምር ነው? በሶማሌ ተራ ነዋ! መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ የጠየቀ ሰው የሚያጣው የመኪና ዕቃ ጥቂት ነው። ምናለሽ ተራም ቢሆን ሌላው የጣለው ብረት አዲስ ሥራ ተሰጥቶት የሚነሳበት ሰፈር ነው። የውጭ ምንዛሪ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት አገር የአዲስ አበባ መካኒክ የአንዱን መኪና ካምቢዮ ለሌላው ገጥሞ፣ የተሰበረውን በይዶ፣ የጠፋውን ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል። ሜልበርን ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ጥበብ ከጠፋ ሻንጣ ጋር ኤርፖርት የቀረ ይመስል፣ ዳሽቦርዷ ላይ አንድ ቀይ መብራት የበራባት መኪና ሁሉ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ትጎተታለች።

የላንድክሩዘር የአውስትራሊያ ታሪክ ራሱ ከስደተኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1974 የተካሄደው የስኖዊ ተራሮች የውኃና የኤሌክትሪክ ግንባታ ከ100 ሺህ በላይ ሠራተኞች የተሳተፉበት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከ30 በላይ ከሚሆኑ አገሮች የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቲስ ወንድማማቾች የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ለዚሁ ሥራ ላንድክሩዘሮችን ከጃፓን አስመጣ። ቶዮታ በአውስትራሊያ ስሙ የተተከለው በዚያ ጭቃና በረዶ ውስጥ ነው። በ1984፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ድርቁ በበረታበት ዓመት፣ የወጣው ሞዴል 70 ዛሬም እየተመረተ ነው። የወረዳ አምቡላንስና የእርዳታ ሠራተኛ መኪና ሆኖ ገጠሩን ያዳረሰው ይኸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከእርሱ በኋላ የመጣው ቪ8 የባለሥልጣን መታወቂያ ሆነ። ችግሩም የጀመረው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። መኪና መሥሪያ መሆኑ ቀርቶ መታያ ሆነ።

ያ ዓይን ባሕር ተሻግሮ ሜልበርን ገብቷል። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ሲጭንና ሲያወርድ የሚያድር፣ ቀን ደግሞ ታክሲ የሚነዳ ሰው፣ ለሠርግና ለቀብር በሚሄድበት ጊዜ እንዲያምርበት ሲል ለዓመታት የሚከፈል ብድር ይፈርማል። ሳሩን እንጂ ገደሉን ያላየው በሬ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የቤቱ ብድር በላዩ ላይ አለ፤ አገር ቤት የሚላከው አለ፤ ዕቁቡ አለ። መኪናው ገና ከሻጩ ግቢ ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ብድሩ ግን አይወርድም።

«ታዲያ አሮጌ ላንድክሩዘር ይገዛ ነው የምትሉት? ዋጋው ጣራ ነክቶ የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። አሮጌው ላንድክሩዘር በአውስትራሊያ ሰብሳቢ በዝቶበታል፣ ዋጋውም ከፍ ብሏል። ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው ግን ሌላ መንገድ አለ። በ1988 የወጣው ኒሳን ፓትሮል፣ አውስትራሊያውያን ጂኪው የሚሉት፣ በጥንካሬ ከላንድክሩዘር ብዙም የሚያንስ አይደለም። ከ1988 እስከ 1994 ድረስ ይህንኑ ፓትሮል ፎርድ የራሱን ስም ለጥፎበት «ማቬሪክ» ብሎ ይሸጠው ነበር። ስሙን ብቻ የሚያይ ገዢ ማቬሪክን አልፎ ይሄዳል፤ ከኮፈኑ ሥር ያለውን የሚያውቅ ግን ቆም ብሎ ይደራደራል።

ከገንዘብ በፊት የሚያስፈልገው ጥሩ ዓይን ነው። የአሮጌ ፎርዊል ገዳዩ ሞተር አይደለም፤ ዝገት ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ይለወጣል። ዝገት የበላው ሻንሲ ግን የገዢውን ኪስም አብሮ ይበላል። ስለዚህ ገዢው ሱሪው ይቆሽሽ እንጂ ከሥር ተኝቶ ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርግ፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰ ብረት ድምፁ ይታፈናል። የወለሉን ምንጣፍ ገልጦ ይይ። የፊት መስታወቱን ግርጌና የጣሪያውን የዝናብ መውረጃ በጣቱ ይዳብስ። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በሩና ፓራፋንጎው ላይ ያስጠጋ፤ ማግኔቱ ካልያዘ ሥሩ ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ሲነዳ የኖረ መኪና ቀለሙ ቢያብረቀርቅም መሸሽ ነው። ሞተሩም ጠዋት ሳይሞቅ ይነሳ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ለምን እንዳሞቀው መጠየቅ ነውር የለበትም። የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ውኃና ዘይት ተገናኝተው ሊሆን ስለሚችል የቴስታታው ጓርኒሲዮን ያሳስባል።

ከተገዛ በኋላ የወጪው ቅደም ተከተል ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በተለይ ወጣቱ የሚጀምረው ከመብራት ነው። ጣሪያው ላይ ረጅም መብራት፣ ከፊት ወፍራም ቡልባር፣ በጎን የአየር መሳቢያ ቱቦ ይሰካል። ፍሬኑ ግን ያው ከሃያ ዓመት በፊት የነበረው ነው! የመጀመሪያው ብር ለፍሬንና ለመሪ ይዋል። ቀጥሎ ለራዲያተር፣ ለውኃ ፓምፕና ለቱቦዎች፤ ሙቀት የገደለው ሞተር ቁጥር ስፍር የለውምና። የላንድክሩዘሩ ዋን ኤች ዜድ የተባለው ናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ከሆነ፣ የታይሚንግ ቺንጋው በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ስላለበት የቀድሞው ባለቤት በቃል የነገረውን ከማመን አዲስ ማስገባት ይሻላል። ከዚያ ጎማና ባሌስትራ ይምጣ። ጌጡ ከሁሉ በኋላ፣ ገንዘብ ከተረፈ ነው፤ ካልተረፈም መኪናው ያለ ጌጥ ይሄዳል። ዕቃውን በተመለከተ ክሬጊበርን የሚኖር ሰው ዕድለኛ ነው፤ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ካምቤልፊልድ ሲደርስ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ግቢዎች አሉለት። ሶማሌ ተራን ያህል ጩኸትና ክርክር ባይኖርም ጥበቡ አንድ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን በቀልድ አይታለፉም። አንደኛው፣ መኪናን በክሪክ ብቻ አንስቶ ከሥሩ መግባት ነው። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመደገፍ የተሠራ አይደለም፤ በዚህች አገር በዚህ ምክንያት በገዛ ቤታቸው ደጃፍ የሞቱ ሰዎች አሉ። ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳይኖር ማንም አባት ልጁን ከመኪና ሥር አያስገባ። ሁለተኛው አስቤስቶስ ነው። አውስትራሊያ አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ ያገደችው በ2003 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ የፍሬን ሸራና ጓርኒሲዮን ይህ አደገኛ አቧራ ሊኖርበት ስለሚችል፣ እንደ አገር ቤት በአየር ፓምፕ እፍ ማለት ሳንባን መሸጥ ነው።

ሕጉም አለ። መኪናን ከፍ ማድረግ፣ ሞተር መለወጥ፣ ሰፊ ጎማ መግጠም በቪክቶሪያ ልክ አለው። ከልኩ ያለፈ ለውጥ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ታይቶ፣ ቫስ የሚባለው የምስክር ወረቀት ሊሰጠው ይገባል። ይህን ወረቀት ሳይዝ በመንገድ የወጣ፣ ፖሊስ ያስቆመውና መስታወቱ ላይ ቢጫ ወረቀት ይለጥፍበታል፤ የአገሬው ሰው በቀለሟ ምክንያት «ካናሪ» ይላታል። ከቅጣቱ የሚከፋው ግን ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ያልተነገረ ለውጥ አደጋ በደረሰ ጊዜ የሚያመጣው ጣጣ ነው። በሌላ በኩል ሕጉ በር የከፈተበትም ቦታ አለ። ዕድሜው 25 ዓመት የሞላ መኪና ያለው ሰው የታወቀ የመኪና ክለብ አባል ሆኖ፣ በዓመት ለ45 ወይም ለ90 ቀን ብቻ የሚያስነዳ በርካሽ የሚገኝ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። የሚነዳበትን ቀን መዝገብ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚወጣ መኪና ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ይህንን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ስንት ነው?

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ ቢባል፣ ዋናው ጉዳይ መኪናው አይደለም። በስደት ቤት አባትና ልጅ የሚነጋገሩበት ነገር እያለቀ ነው። አባት በአማርኛ ይጠይቃል፣ ልጅ በእንግሊዝኛ «እሺ» ይላል፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። ከመኪናው ሥር ግን ነገሩ ሌላ ነው። አባት «ካቻቪቴ አቀብለኝ» ሲል ልጅ ምን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ፍሪሲዮን ክላች መሆኑን፣ ቺንጋ ቤልት መሆኑን፣ ጎሚስታ ጎማ ጠጋኝ መሆኑን እየሳቀ ይማራል። ጣሊያን አምስት ዓመት ገዝቶ በ1941 ተባሮ ወጣ፤ ከአዲስ አበባ ጋራዦች ግን እስካሁን የለቀቀ አይመስልም! ይህን ታሪክ ልጅ የሚጠይቀው ቅባት እጁ ላይ እያለ ነው እንጂ ሳሎን ተቀምጦ አይደለም። ሴት ልጅም አትከልከል፤ ናፍጣ ወንድና ሴት አይለይም።

«ልጄን ያመጣሁት ዶክተር እንዲሆን ነው፤ እኔ የተውኩትን ቅባት እንዲነካ አይደለም» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ቁጭቱ ይገባል። አገር ቤት መካኒክ ሲናቅ ኖሯል፤ የናቁት ደግሞ መኪናቸው ሲቆም እርሱን ይለማመጡ የነበሩት ናቸው። በዚህች አገር ግን ቧንቧ ሠራተኛና መካኒክ ቤት ገዝቶ ልጅ ያስተምራል። ደግሞስ በሳምንት አንድ ቀን ፍሬን የፈታ ልጅ ከሕክምና ትምህርት ቤት የሚያግደው ማን ነው?

ሌላው ቅዠት መኪናውን አድሶ ወደ ኢትዮጵያ መላክ ነው። ይህ ሐሳብ በየምግብ ቤቱ ይሰማልና ቁርጡ ይነገር። ኢትዮጵያ በ2020 ባወጣችው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥላለች፤ በጥር 2024 ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏ ተነገረ። በዚያ ላይ የአውስትራሊያ መኪና መሪው በቀኝ ነው። አሮጌው ፎርዊል ዕድሜውን የሚጨርሰው እዚሁ በቪክቶሪያ ጫካ ውስጥ ነው። ከክሬጊበርን ብዙም ሳይርቅ ማውንት ዲሳፖይንትመንት፣ «የቅሬታ ተራራ» እንደ ማለት ነው፣ የሚባል ቦታ አለ። በ1824 ሂዩምና ሆቬል የተባሉት አሳሾች ጫፉ ላይ ወጥተው ባሕሩን ለማየት ቢጓጉ ዛፍ ስለጋረዳቸው የሰጡት ስም ነው። የክሬጊበርን ማዘጋጃ ቤት በዚሁ በሂዩም ስም ይጠራል። ልጆችን ይዞ ቡና አፍልቶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ለማኅበራቱ ነው። ለባህል ቀንና ለስፖርት ውድድር አዳራሽና ሜዳ ሲከራዩ ኖረዋል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ካምቤልፊልድ የነበረው የፎርድ ፋብሪካ በ1973 የስደተኛ ሠራተኞች አድማ የተካሄደበት ነበር፤ ጥቅምት 2016 ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት የቶዮታው የአልቶና ፋብሪካና የሆልደኑ ተከተሉ። መኪና የሚገጥም ፋብሪካ ከአገሪቱ ሲጠፋ እጅ ያላቸው ሰዎች ግን አልጠፉም። ከእነርሱ መካከል መርካቶ ያደጉ አሉ፣ ደርግ ጦር ውስጥ ታንክና ኡራል ሲጠግኑ የኖሩ አሉ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ሻይ ቤት ነው የሚውሉት። ብሮድሜዶስ ያለው የካንጋን የሙያ ትምህርት ቤትም በር አንኳኪ ይፈልጋል። በወር ሁለት ቅዳሜ የሚከፈት አንድ ኪራይ ጋራዥ፣ ስምንት የብረት መቆሚያ፣ ሁለት ጥሩ ክሪክ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የኃላፊነት ኢንሹራንስ፤ ወጪው ይኸው ነው። ለመጀመሪያ መማሪያ የሚሆነውን መኪና ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ክሬጊበርን ደጃፍ ላይ ቆሞ «መቼ ነው የምትጥለው?» የሚባለው አለ።