የሐርጌሳ ተአምር የሚባለው ነገር

ሐርጌሳን የጎበኘ ሁሉ አንድ ወሬ ይዞ ይመለሳል። ፔርሙዝ ደርድራ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት የአንድ ብርጭቆ ዋጋ በእጅ ስልኳ ትቀበላለች። ጫት ሻጩና ባለታክሲውም እንደዚሁ። ከእነርሱ ጥቂት ራቅ ብለው ገንዘብ ለዋጮች የሶማሊላንድን ሽልንግ እንደ ጡብ ከምረው ተቀምጠዋል፤ ወረቀቱ ለሸክም ሲከብድ ስልኩ አቅልሎታል። ይህን ያየ እንግዳ ተደንቆ ሲያበቃ ፍርዱን ይሰጣል፦ «መንግሥቱ አቅመ ደካማ፣ ባንኩ ጥቂት፣ ዓለም አቀፍ ዕውቅናም ለዐሥርታት የተነፈጋት፤ ሆኖም በቴክኖሎጂ ከአውሮፓ ቀደመች!» ከፍርዱ የሚቀዳው ትምህርትም ከወዲሁ ተዘጋጅቷል። ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያ፣ በዘመኑ ቋንቋ ስታርትአፕ፣ የሚፈልገው ሐሳብና ድፍረት ብቻ ነው፤ ሕግና ተቆጣጣሪ እንቅፋት ናቸው፤ ለወጣቱ ሥልጠና ይሰጠው፣ ውድድር ይዘጋጅለት፣ ለአሸናፊው ሽልማት ይበርከትለት፤ የቀረውን ራሱ ይወጣዋል።

አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ግን እውነት አይደለም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም በዚህ ስብከት ተማርኮ የቤተሰቡን ጥሪት የሚያፈስሰው ሰባኪው ሳይሆን ወጣቱ ነው። የሐርጌሳን ታሪክ ከመሥራቾቹ ሕይወት አንጻር የመረመረ ሰው ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ትምህርት ያገኛል።

በቅድሚያ የአንጋፋውን ታሪክ እንመልከት። መሐመድ ሰዒድ ዱዓሌ ዳሃብሺልን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1970 በቡርዖ ከተማ ነው። መነሻቸው «ፍራንኮ ቫሉታ» ይባል የነበረው አሠራር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራው ስደተኛ የውጭ ምንዛሪውን ለነጋዴው ያስረክባል፤ ነጋዴው በዚያ ሸቀጥ ገዝቶ ወደ አገር ያስገባል፤ ሸቀጡ ሲሸጥ የሠራተኛው ቤተሰብ ድርሻውን በአገሩ ገንዘብ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1988 የሲያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳንና ቡርዖን ባወደመ ጊዜ የዱዓሌ ሀብት አብሮ ጠፋ። እርሳቸውም እንደ መቶ ሺዎቹ ወገኖቻቸው ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ገቡና በተሰደደው ሕዝብ መካከል ሥራቸውን እንደ አዲስ ጀመሩ። ልጃቸው አብዲረሺድ ደግሞ በለንደን በኩል ሥራውን ያዘ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ጦርነቱ ሱቁን፣ መጋዘኑንና ጥሬ ገንዘቡን ሲያጠፋ አንድ ነገር ግን ሳይነካው ቀረ፤ «ዱዓሌ የሰው አደራ አይበላም» የሚለው ስም። ይህን ስም ለመገንባት 18 ዓመት ፈጅቷል። በሦስት ወር ሥልጠና የሚገኝ፣ በመድረክ ላይ በዐሥር ደቂቃ የሚገለጽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ታሪክ ጎብኚዎችን የሚያስደምመው የዛድ ታሪክ ነው። ቴሌሶም የተባለው የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ተቋቋመ፤ ዛድን የጀመረው ደግሞ በ2009 ነው። የዓለም የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር የሆነው ጂ.ኤስ.ኤም.ኤ. በ2013 ባወጣው ጥናት አንድ የዛድ ተጠቃሚ በአማካይ በወር ከ30 ጊዜ በላይ ይገበያይበት እንደነበር አስታውቋል፤ በዚያ ዘመን በሌላው ዓለም ከነበረው አማካይ ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ነበር። የዚህ ስኬት ምስጢር ምን ነበር? ኩባንያው ገንዘብ ለሚልኩ ደንበኞቹ አገልግሎቱን በነጻ ሰጠ። ወጪውን በሌላ በኩል አካካሰው፤ ደንበኛው የአየር ሰዓት በቀጥታ ከስልኩ ሲገዛ ለካርድ ማሳተሚያና ለአከፋፋይ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ቀረ፤ ደንበኛውም ወደ ተፎካካሪ ሳይኮበልል በኩባንያው ረጋ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ያለ ክፍያ ማገልገል የሚችል የትኛው ጀማሪ ኩባንያ ነው? ዛድ የተሳካው በስታርትአፕ እጅ ስላልነበረ ነው። ጀርባው ላይ ደንበኛ ያፈራ፣ ወኪል የዘረጋ፣ ከስልክ ጥሪ ገቢ የሚያገኝ ትልቅ ኩባንያ ቆሞ ነበር። ባለአክሲዮኖቹም ትርፉን በትዕግሥት የሚጠብቁ፣ ኅብረተሰቡ የሚያውቃቸው የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን ታሪክ ለባዶ እጁ ወጣት እንደ አርአያ ማቅረብ በሬ ለሌለው ገበሬ የትልቅ እርሻ ባለቤትን ምርት እያሳዩ «አንተም እንደዚህ እረስ» እንደማለት ይቆጠራል።

ሦስተኛው መሥራች በእውነተኛው ትርጉም ስታርትአፕ የመሠረቱ ናቸው። ኢስማዒል አሕመድ የሐርጌሳ ተወላጅ ናቸው። በ1988ቱ ጦርነት ሸሽተው በጅቡቲ በኩል ለንደን ገቡ። በተማሪነታቸው ዘመን እርሻ ላይ እንጆሪ እየለቀሙ ለቤተሰባቸው ገንዘብ ይልኩ ነበር፤ የሐዋላን ውጣ ውረድ ያወቁትም በዚያ ነው። ኋላም በተባበሩት መንግሥታት ሥር የሶማሊያን የሐዋላ ድርጅቶች በሚመለከት ፕሮግራም ሠሩ፤ ሙስና አጋልጠው ሥራቸውን አጡ፤ በክርክር ካሳ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2010 ወርልድሬሚትን መሠረቱ። ኩባንያው በ2014 የ40 ሚሊዮን፣ በ2015 ደግሞ የ100 ሚሊዮን ዶላር የኢንቨስትመንት ገንዘብ አገኘ።

ኩባንያው የተመሠረተው ግን በለንደን ነበር። ሐሳቡም፣ ችግሩም፣ ሰውየውም የሐርጌሳ ናቸው። ፈቃዱ፣ ባንኩ፣ ባለሀብቱ፣ ውሉን የሚያስከብረው ፍርድ ቤት ግን የለንደን ናቸው። «ሕግና ተቆጣጣሪ እንቅፋት ነው» የሚለው ወገን ለዚህ ምን መልስ ይኖረው ይሆን? ከሐርጌሳ ልጆች አንዱ ዓለም አቀፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሊያቆም በተነሣ ጊዜ የሄደው ተቆጣጣሪ ወዳለበት እንጂ ወደሌለበት አልነበረም።

ዕውቅና ማጣት ምን እንደሚያስከፍል ከዳሃብሺል በላይ የቀመሰ የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ባርክሌይስ ባንክ የበርካታ የሐዋላ ድርጅቶችን ሒሳብ ሊዘጋ መወሰኑን ሲያስታውቅ ዳሃብሺል በብሪታንያ ፍርድ ቤት ቀርቦ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ጊዜያዊ እግድ አገኘ፤ በ2014 ተስማምተው ተለያዩ። ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ፣ ጠበቃ የማቆም አቅም ያለው ኩባንያ በአንድ ባንክ ደብዳቤ ይህን ያህል ከተናወጠ በሁለት ኮምፒዩተርና በአንድ ክፍል ቢሮ የሚሠራው ወጣት ምን ይዋጠው?

የዛሬው የሐርጌሳ ወጣት መሥራች የሚገጥመው ይኸው ነው። መተግበሪያውን በራሱ እጅ ይሠራል፤ ችሎታው አይታማም። ሥራውን በዓለም ገበያ ለመሸጥ ሲሞክር በብዙዎቹ ዓለም አቀፍ የክፍያ ድርጅቶች ቅጽ ላይ የአገሩን ስም አያገኝም። በአገር ውስጥ ለመሸጥ ሲነሣ ደግሞ ገበያው በሁለት ትላልቅ አጥሮች መካከል ተከፍሎ ይጠብቀዋል፤ በአንደኛው ወገን የቴሌሶም ዛድ፣ በሌላው የዳሃብሺል እኅት ኩባንያ የሶምቴል ኢ-ዳሃብ። ለብዙ ዓመታት የአንዱ ስልክ ለሌላው ስለማይደውል ነዋሪው ሁለት ሲም ካርድ ይዞ መዞር ግድ ሆኖበት ነበር። ክፍያውን የያዘው ኩባንያ ስልኩንም፣ ኢንተርኔቱንም፣ ከባንክ ጋር ያለውንም ትስስር ይዟል። ወጣቱ ወደዚያ መረብ የሚገባው በመብት ሳይሆን በፈቃድ ነው። ሥራው ካላማረ ይከስራል፤ ካማረ ደግሞ ባለመረቡ ነገ ራሱ ሊሠራው ይችላል።

መነሻ ገንዘቡን ያዋጡት ዘመዶቹ ናቸው፤ ዳያስፖራው አጎት፣ ወርቋን የሸጠች እናት። ሲሊከን ቫሊ ውስጥ ኪሳራ እንደ ትምህርት ይቆጠራል ይባላል፤ የባለሀብት ትርፍ ገንዘብ ስለሆነ ይቆጠር። በሐርጌሳ የከሰረው ልጅ ግን ያጠፋው የዘመዶቹን ጥሪት ነው፤ በየሠርጉና በየለቅሶው ፊታቸውን ማየት አለበት። «ታህሪብ» የሚባለው የስደት መንገድ በኢትዮጵያና በሱዳን አቋርጦ እስከ ሊቢያ የሚዘልቅ ነው፤ የከተማው ወጣት በዚህ መንገድ የሚያልቀው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን በአገሩ የሚሞክርበት በር ጠብቦት ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ በየዓመቱ የሐሳብ ውድድር ማዘጋጀት፣ ፎቶግራፍ ማንሳትና በሰርተፊኬት መሸኘት ማታለል ባይሆን እንኳ ከማታለል የራቀ አይደለም።

ሙግቱን የሚያከርሩ ወገኖች «መንግሥት እጁን ቢያስገባ ኖሮ ዛድ አይወለድም ነበር» ይላሉ። በዚህ ነጥብ ላይ እውነት አላቸው፤ ጎረቤት ኢትዮጵያም ምስክር ናት። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትን ለፋይናንስ ተቋማት ብቻ ፈቀደ። ኤም-ብርና ሄሎካሽ የመጡት በዚያ ጠባብ በር ነው፤ ሐሳቡ የቴክኖሎጂ ባለሙያው ቢሆንም አገልግሎቱ በማይክሮ ፋይናንስና በባንክ ጥላ ሥር መኖር ነበረበት። ከባንክ ውጭ ላሉ ድርጅቶች መንገዱ የተከፈተው በ2020 ነው፤ በዓመቱ በግንቦት 2021 የመንግሥቱ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ይዞ ብቅ አለ። ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድን በአዲስ አበባ ስታቋቁም ብዙው ደንበኛ ኢንተርኔት ስላልነበረው 8294 የተሰኘ የጥሪ መስመር ዘርግታ ነው ገበያውን የያዘችው። ጎበዝ መሥራች አጥሩን ዞሮ ያልፋል፤ ሆኖም ሁሉም ዞሮ ማለፍ አይችልም፤ ዞሮ በማለፍ የባከነው ዕድሜም አይመለስም።

ስለዚህ የአዲስ አበባና የሐርጌሳ ታሪኮች እንደሚባለው ተቃራኒ አይደሉም። በአንደኛው መንግሥት በሩን በራሱ ቁልፍ ዘጋ፤ በሌላው ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ኩባንያ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ደጅ የሚቆመው ወጣት ግን ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለ ማወቁ ምን ይፈይድለታል? አዲስ አበቤው በሐርጌሳ ነጻነት መቅናት፣ ሐርጌሴውም ነጻነቱን ከሥርዓት ማጣት ጋር ማምታታት አይገባቸውም።

ተአምር የሚለው ቃል ሰውን ከኃላፊነት ያሳርፋል፤ ተአምር አይመረመርም፣ አይጠገንም። የሐርጌሳ ሥራ ግን የሰው ሥራ ነው፤ ስለዚህ መጠገን ይችላል። መጠገኛውም አይታጣም። የአንዱ ኩባንያ ገንዘብ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ የሚያስገድድ ሕግ፣ አነስተኛው ሠሪ በታወቀ ዋጋ ከክፍያ መረቡ የሚገናኝበት ደንብ፣ ከኩባንያ ጋር የተጣላ ወጣት ሽማግሌ ፍለጋ ሳይባዝን ጉዳዩን በአጭር ጊዜ የሚያይለት ፍርድ ቤት፣ እንደ እስልምናው ሥርዓት ትርፍና ኪሳራን የሚጋራ የሽርክና ገንዘብ። ለውድድርና ለሽልማት የሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ እንኳ ለዚህ ቢውል ከመቶ ሰርተፊኬት ይበልጣል። ቴሌሶምና ዳሃብሺልም ቢሆኑ ትናንት ከፍርስራሽ የተነሡ ናቸው፤ በሩን ቢያሰፉ ከሁሉ በፊት የሚያተርፉት ራሳቸው ናቸው፤ በመረቡ ላይ የሚሠራ ሲበዛ በመረቡ ላይ የሚዘዋወረው ገንዘብ ይበዛልና።

ኢስማዒል አሕመድ ወደ ትውልድ ከተማቸው መለስ ብለዋል። ባቋቋሙት ሰሃሚዬ ፋውንዴሽን በኩል ዳሪዝ የተባለ የሶማሊኛ ንባብ ማስተማሪያ መተግበሪያ ተሠርቷል። ይህ የሚመሰገን ነው። ቢሆንም አንድ ከተማ ልጆቿ ባሕር ማዶ ከብረው በበጎ አድራጎት እስኪመለሱላት መጠበቅ የለባትም። የሚቀጥለው መሥራች ለመመሥረት ሲል እንዳይሰደድ ማድረግ የሚችሉት የሐርጌሳ ሕግ አውጪዎችና ባለመረቦች ናቸው፤ በሩን እስኪከፍቱ ድረስ «ተአምር» የሚለው ውዳሴ ለወጣቱ ስንቅ አይሆነውም።