የደርቢ ቀን ነባሩ ተጫዋች የት ነው?

ፍራንኮም ይሁን ፖስታ ቤት አካባቢ፣ አዳማ ውስጥ ኳስ የሚወራበት ቡና ቤት ጎራ ያለ ሰው አንድ ክርክር አያጣም። አንዱ ወገን ቡድን በወጣት መታደስ አለበት ይላል፤ በዚህ ዘመን ሩጫ የሌለው ቡድን አያዋጣም ባይ ነው። ሌላው ደግሞ ወጣቱ ይሩጥ፣ ማን ከለከለው፣ ግን የደርቢ ቀን ኳሷን ይዞ ቡድኑን የሚያረጋጋ ሰው ከሌለ ሩጫው የትም አያደርስም ሲል ይሞግታል። ክርክሩ ባቱም አለ፣ ሻሸመኔም አለ፣ ሀዋሳ ሲደረስ ደግሞ ይብሳል። ማኪያቶው ይቀዘቅዛል እንጂ ክርክሩ አይበርድም።

ትክክሉ ሁለተኛው ወገን ነው። ትክክል የሆነበት ምክንያት ግን ቡና ቤት ውስጥ ከሚነገረው ትንሽ ይለያል።

መስመሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቢሾፍቱ አልፎ ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዳማ፣ ወንጂና መተሐራ፣ ሌላው በመቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ አድርጎ ወደ ሀዋሳ። በዚህ መስመር ላይ ኳስ የማይወድ ከተማ የለም። መተሐራ ስኳር በ2002 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ከአዳማ ከተማ ጋር በአንድ ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ክለቦች እጅ ነጥቆ ወስዷል። ሀዋሳ ከሲዳማ ቡና ጋር የሚያደርገው የአንድ ከተማ ልጆች ጨዋታ ሮድዋ ደርቢ የሚል የራሱ ስም አለው። ሻሸመኔ ከተማም በ2016 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሊጉን ተቀላቅሎ በዚያው ዓመት ተመልሶ ቢወርድም፣ ከሀዋሳ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቅ ጎረቤት ለአንድ ዓመት በሊጉ ታይቷል።

ጎረቤታሞች ሲገናኙ የደረጃ ሰንጠረዡ ለዘጠና ደቂቃ ይረሳል። ሦስተኛ የሆነው አስራ ሁለተኛውን ይፈራል። ከሩቅ ከተማ ክለብ ጋር ተሸንፎ የተመለሰ ተጫዋች በማግስቱ ቁርሱን በሰላም ይበላል፤ በጎረቤቱ የተሸነፈ ግን ባጃጅ ነጂው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጁስ ቤት ያለችው ልጅ ሳትቀር ትጠይቀዋለች። ይህን ጥያቄ አንዴ የቀመሰ ተጫዋችና ትናንት ፈርሞ የመጣ ተጫዋች እኩል ሆነው ሜዳ አይገቡም። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ነባር ተጫዋች የደርቢ ቀን ምን ይሠራል? ብዙ ደጋፊ መልሱን ከጎል ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ዋናው ሥራው ግን ካሜራ የማያየው ነው። በመጀመሪያዎቹ አስራ አምስት ደቂቃዎች ስታዲየሙ ሲጮህ ኳሷን ወደ ኋላ መልሶ ጩኸቱ እስኪወርድ ያንሸራሽራታል። ቢጫ ካርድ ያየው የአስራ ዘጠኝ ዓመት የመስመር ተከላካይ ሲናደድ ከዳኛው ፊት ጎትቶ ያወጣዋል። ዳኛውን ራሱ በስሙ ጠርቶ ያነጋግረዋል፤ ወጣቱ ቢጮህ ካርድ የሚያይበትን ነገር እሱ በፈገግታ ይጨርሰዋል። እጅ ውርወራ ላይ ጊዜ መግደልም የእሱ ጥበብ ነው፤ የተቃራኒ ደጋፊ ይሰድበዋል፣ የራሱ ደጋፊ ደግሞ በሆዱ ይመርቀዋል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎል ከገባ በኋላ ያሉት አምስት ደቂቃዎች የነባር ተጫዋች ናቸው። ወጣት ቡድን ጎል ሲያገባ ሁለተኛውን ወዲያው ፍለጋ ይወጣል፤ ጎል ሲገባበት ደግሞ አንገቱን ይደፋል። ሁለቱም አደጋ ነው።

ይህን ለማየት ብሔራዊ ቡድኑ ዘንድ ሄዶ መመለስ ይበቃል። ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ያውንዴ ላይ ዋልያዎቹ ከአዘጋጇ ካሜሩን ጋር ሲጫወቱ በአራተኛው ደቂቃ ጎሉን ያስቆጠረው በወቅቱ የአዳማ ከተማ አጥቂ የነበረው ዳዋ ሆቴሳ ነው። አዳማ ያን ዕለት እንዴት እንደጮኸች የነበረ ያስታውሰዋል። ደስታው ግን አራት ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው። በስምንተኛው ደቂቃ ቶኮ ኤካምቢ አቻ አደረገ፤ ጨዋታውም 4 ለ 1 አለቀ። ካሜሩን በአቅም ትበልጣለች፣ ይህ አያከራክርም። ቢሆንም መሪነቱን ቢያንስ እስከ ሃያኛው ደቂቃ ማቆየት ቢቻል ኖሮ የጨዋታው መልክ ይቀየር ነበር።

አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ሌላ ታሪክ ታየ። ተጋጣሚዋ ግብፅ ነበረች። በ21ኛው ደቂቃ ያው ዳዋ አስቆጠረ። ከጎሉ በኋላ ዋልያዎቹ አልተደናገጡም፣ አልተጣደፉምም። በ40ኛው ደቂቃ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረና 2 ለ 0 ሆነ፤ ቀሪውን ጊዜ ግብፅ ብትገፋ ብትጎትት አልተሳካላትም። ሽመልስ የሀዋሳ ልጅ ነው፣ ያኔ በግብፅ ሊግ ለዓመታት ተጫውቶ የፈርዖኖቹን ተከላካዮች ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነበር። አንድ ጎል ከአዳማ፣ አንድ ጎል ከሀዋሳ፤ ስምጥ ሸለቆ ግብፅን ቀጣች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ቀደም ብሎም አዳነ ግርማ አለ። ያም የሀዋሳ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች፣ ዋልያዎቹ ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት ስቶባቸው፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶባቸው፣ በአስር ሰው 1 ለ 0 እየተመሩ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ አቻ የምታደርገውን ጎል አገባ። በአስር ሰው የሚጫወት ቡድን መረጋጋቱን ይዞ ወደ ፊት እንዲሄድ የሚያደርገው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወገን መልስ አለው፤ ጥሩ መልስ ነው፣ ሳይሰሙ ማለፍ አይገባም። አቡበከር ናስርስ? ይላል። አቡበከር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ ዮርዳኖስ ዓባይ በመብራት ኃይል መለያ ይዞት የቆየውን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሲሰብር ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ታዲያ ነባር ለምን አስፈለገ?

አዎ፣ አቡበከር ልጅ ነበር። ነገር ግን ለቡና እንግዳ አልነበረም። ክብረ ወሰኑን በሰበረበት ዓመት በዚያ መለያ ውስጥ ዓመታት ቆጥሯል፣ ከጊዮርጊስ ጋር የሚደረገው ጨዋታ ሲቀርብ ሳምንቱ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ነባርነት የልደት ቀን ጉዳይ አይደለም። የሠላሳ አራት ዓመት ተጫዋች ነሐሴ ላይ ፈርሞ ቢመጣ ለዚያ ደርቢ አዲስ ሰው ነው፤ የሃያ አንድ ዓመቱ ልጅ ከታዳጊ ቡድኑ ጀምሮ ካደገበት ደግሞ ነባር እሱ ነው። ቡና ቤት ውስጥ ያለው ክርክር መንገድ የሚስተው ነባርን ከሽማግሌ ጋር አንድ ሲያደርግ ነው።

ችግሩ ክለቦቹ ይህን ነባርነት የሚፈጥሩበት ጊዜ አለመኖሩ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሆነው ይታወቃል። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ያበቃል፣ የከተማ አስተዳደሩ በጀት ይጠበቃል፣ አሰልጣኝ ይቀየራል፣ አዲሱ አሰልጣኝ የራሱን ልጆች ይዞ ይመጣል። መስከረም ላይ ደጋፊው ስታዲየም ሲገባ መለያውን ነው የሚያውቀው፣ መለያውን የለበሰውን አያውቅም። አንዳንዴ ግማሹ ቡድን አዲስ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋቾች የወር ደሞዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ተብሎ ነበር፤ የታሰበው ወጪን ለመግታት ነው፣ ሰው በአንድ ክለብ እንዲቆይ የሚያደርግ ነገር ግን በውስጡ አልነበረም። ሁለት ክለብ እኩል የሚከፍል ከሆነ ተጫዋቹን የሚያስቀረው ምንድነው? የውሉ ርዝመትና ክብሩ ነው። እነዚህ ደግሞ ሳይነኩ ቀሩ።

ነገሩን ያባሰው ሌላም አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በደርሶ መልስ መጫወቱን ትቶ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ መካሄድ ጀመረ። የመጀመሪያው ዓመት በኮሮና ምክንያት ነበር፤ አሠራሩ ግን ከኮሮናም በኋላ ቀጠለ። አዳማም ከ2014 ጀምሮ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አስተናግዳለች፣ ለከተማዋ ሆቴሎችም ጥሩ ገበያ ነበር። ለደርቢ ግን ጥሩ አልነበረም። የሀዋሳ ልጆች እርስ በርስ የሚያደርጉት ጨዋታ ከሀዋሳ ውጪ፣ ደጋፊው በዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ የሚያየው ሆነ። ነሐሴ ላይ የፈረመ ተጫዋች ደርቢውን በሦስተኛ ከተማ፣ ግማሹ ባዶ በሆነ ስታዲየም ተጫውቶ፣ ሐምሌ ላይ ሻንጣውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የከተማውን ጩኸት አንድ ቀን ሳይሰማ ማለት ነው። ስታዲየሙና ደጋፊው በሌሉበት የደርቢውን ትዝታ ይዞ የሚዞረው መልበሻ ክፍል ውስጥ ያለው ነባር ብቻ ነው። እሱም ከተሸኘ የቀረው ሁለት ቀለም መለያ ነው።

አዳማ ከተማ ራሱ በ2013 ዓ.ም. በወራጅ ቀጠና ጨርሶ፣ በሊጉ የቆየው ክረምቱ ላይ በተደረገው የማሟያ ውድድር ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሆኖም በዚያ ጭንቅ ጊዜ ክለቡን የሚያውቁት ተጫዋቾች ስንት እንደነበሩ ደጋፊው በጣቱ ይቆጥር ነበር።

ውጪው ዓለም ይህን እንዴት ያየዋል? ፍራንቼስኮ ቶቲ እ.ኤ.አ. ጥር 2015 ላይ ሮማ በላዚዮ 2 ለ 0 ሲመራ በ38 ዓመቱ ሁለቱንም ጎል መልሶ፣ ደጋፊው ፊት ቆሞ በስልክ ራሱን ፎቶ ያነሳ ጊዜ ብዙው ሰው የሳቀው በፎቶው ነው። ዋናው ነገር ግን ያን ደርቢ ከሃያ ዓመት በላይ ሲጫወተው መኖሩ ነው።

ቶቲ ብርቅ ነው፣ እንደ እሱ የሚቆይ ሰው ዛሬ የለም ይባል ይሆናል። እሺ፣ ሰው የማይቆይበት ቦታስ? የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እዚያ ተጫዋቹ ተማሪ ስለሆነ በተለምዶ ከአራት የውድድር ዘመን በላይ አይጫወትም፤ ክለቡ ቢፈልግም አያስቀረውም። ግን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በሜዳቸው የሚያደርጉት የመጨረሻ ጨዋታ የስንብት ምሽት ነው፤ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ሜዳ ይገባሉ፣ ስማቸው ይጠራል፣ ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል። ዱክና ኖርዝ ካሮላይና የሚባሉት ሁለት ጎረቤት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የወቅቱን የመጨረሻ ጨዋታ እርስ በርስ ማድረግ ልማዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 የዱክ አሰልጣኝ ማይክ ሺሼቭስኪ ከ42 ዓመት በኋላ በሜዳው ሲሰናበት፣ ጎረቤቱ መጥቶ 94 ለ 81 አሸንፎ ድግሱን አበላሸበት። የዚያ ምሽት ታዳጊ ተጫዋች ይህን አይቶ ነው በሚቀጥለው ዓመት ሜዳ የሚገባው። ትዝታው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ እንደልብ መዘዋወር ሲጀምሩ እዚያም ደጋፊው ነባር ጠፋ እያለ ማማረሩ አልቀረም።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነባሩ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚሸኘው በስልክ ነው። ደጋፊው ወሬውን በሬዲዮ ይሰማል። ሰባት ዓመት የተጫወተ ሰው፣ አምበል የነበረ ሰው፣ ከሚወደው ሕዝብ ፊት እጁን ሳያውለበልብ ሌላ መለያ ለብሶ ይመጣል፤ ያን ቀን ደግሞ ያው ሕዝብ ይሰድበዋል። እዚህ ላይ ደጋፊውም ከጥፋቱ አያመልጥም። አንድ ኳስ ባመለጠው ቁጥር "ሽማግሌ፣ ውጣ!" እያለ የሚጮኸው ማነው? የክለቡ ቦርድ ያንን ጩኸት ሰምቶ ነው ክረምት ላይ ውል የማያድሰው።

የሚፈለገው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የዝውውር መስኮቱ ሲከፈት ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ የሚቀርበው ዝርዝር የሚፈርሙት ሳይሆን የሚቆዩት ይሁን። አራት ስም ይበቃል፤ አንድ በረኛ፣ አንድ ተከላካይ፣ አንድ አማካይ፣ አንድ አጥቂ። ለአራቱ የሦስት ዓመት ውል ይሰጣቸው፣ አሰልጣኝ ቢቀየርም ውሉ አይነካ። ከታዳጊ ቡድን የሚያድጉት ልጆች መልበሻ ክፍል ውስጥ ከእነሱ አጠገብ ይቀመጡ። የግድ የሚሄድ ካለ ደግሞ የመጨረሻ ጨዋታው የትኛው እንደሆነ ለደጋፊው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይነገረው፤ ስታዲየሙ ሌላ ከተማም ቢሆን አይሱዙ ተኮናትሮ ይመጣል።